ኤሊዋ ትችለዋለች

ውድ እታለም፣

ይህን ፖስታ ከመክፈትሽ በፊት ገልብጠሽ እንዳራገፍሽው አውቃለሁ። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ፤ ቁንዶ በርበሬም የለው፣ ጉንዳንም የለው። እማዬ ትሙት! (እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «በራስህ ማል እንጂ በኔ ነፍስ ምን አገባህ» አለች። እሺ፣ እኔ ልሙት።)

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ከሆነ ወይ ትስቂብኛለሽ፣ ወይ ተቆጥተሽ ትዘጊብኛለሽ፣ ወይ ደግሞ የመንገድ ሥራ ካምፓችሁ ኔትወርክ ልክ ዋናው ነገር ላይ ስደርስ ይሞታል። ደብዳቤ ቢያንስ መሃል ላይ አይቋረጥም። እናንተ ጋ ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ሹፌር የኛ ሚኒባስ ሹፌር ጓደኛ ስለሆነ በእጁ ያደርስልሻል። አንብቢው እንጂ ዝም ብለሽ አታጣጥፊው። የምለምንሽ ነገር አለ፤ እኔ ደግሞ ለምኜ አላውቅም፣ ለቀልድ ካልሆነ በቀር።

ባለፈው ስትደውዪ እንደ ልማዴ ድምፄን አቅጥኜ «የደወሉላቸው ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ስለሆኑ እባክዎ ሲነቁ ይሞክሩ» አልኩሽ። ሌላ ጊዜ «አንተ ከይሲ» ብለሽ ትስቂ ነበር። ያን ቀን ግን «እማዬን አቅርብልኝ» አልሽኝ፣ በቃ። ነገሩ ከበድ ያለ መሆኑ ያኔ ገባኝ። እማዬ ስልክ ጆሮዋ ላይ ከለጠፈች አንጎሏ የሚፍለቀለቅ ስለሚመስላት ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ነው የምታወራው፤ ስለዚህ ሳልፈልግ ሁሉንም ሰማሁ። (እሺ፣ ፈልጌ ነው።) ከትምህርት ቤቱ ስልክሽ ላይ የሚመጣው መልእክት በየሳምንቱ «ልጅዎ ያጠናቀቀችው ትምህርት፦ ዜሮ» እንደሚልሽ ሰማሁ። «ልጄ ሜዳ ላይ ቀረች» ስትዪም ሰማሁ። ሴሚስተሩ እንዳለቀ መጥተሽ ትልቋ አክስታችን ጋ እንደምታስገቢያት ስትናገሪ ግን ጆሮዬን አላመንኩትም።

ትልቋ አክስታችን ጋ! ያቺ ሶፋዋ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ ያልተነሳለት ሴትዮ ጋ! እሷ ቤት ለመሳቅ እጅ አውጥቶ ማስፈቀድ ያስፈልጋል እኮ። ርዕሰ መምህርነቱን በጡረታ ተሰናበተች ይባላል እንጂ ደወሉን ይዛው ነው የወጣችው።

ያን ሁሉ ስታወሪ ልጅሽ ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ የእማዬን የልብስ ቁልፎች በቀለም ትለይ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። የገረመኝ ምን መሰለሽ? «ለምን?» አላለችም። እኔ ራሴ «እመቤት ለምን» ብዬ ስም ያወጣሁላት ልጅ፣ «ዝናብ ለምን ወደ ላይ አይዘንብም?» ብላ ቁርስ የምታስረሳኝ ልጅ፣ ከቤቷ ልትወጣ መሆኑን ሰምታ ቀዩን ቁልፍ ከቀዮቹ ጋር አስቀመጠች።

እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ አንድ ነገር ከከነከነኝ እንቅልፍ የለኝም። ልጅሽ ታነባለቻ! ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የምትሄደው በኛ ሚኒባስ ነው። ከሹፌሩ ጀርባ መስኮቱ አጠገብ ትሰየምና የመንገዱን ጽሑፍ በሙሉ ለተሳፋሪው በነጻ ታነባለች። እኔ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ የፌርማታ ስም ስጠራ እሷ ከውስጥ «የጥርስ ሕክምና! ሞተር እናድሳለን! እዚህ ግድግዳ ላይ መሽናት ክልክል ነው!» ትላለች። ከዚያ ወደ ተሳፋሪው ዞር ብላ፣ «እዚያኛው ግድግዳ ላይ ግን ይቻላል?» ሚኒባሱ በሳቅ ይፈርሳል። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ አሉን፣ «በዚች ልጅ ምክንያት መነጽሬን ቤት ጥዬ መውጣት ጀመርኩ» ይላሉ። ሹፌራችን ደግሞ «እንግዲህ ራስህን አዘጋጅ፣ ቦታህን ልትወስድብህ ነው» ይለኛል። እንግዲህ ዜሮ የተባለችው ይህቺ ናት።

አንቺ ቁጥር ካልሽ ካልሽ ነው። አልፈርድብሽም፤ የመንገድ ቀያሽ ነሽ፣ ቀያሽ ደግሞ ዓይኑን አምኖ መንገድ አያወጣም። እኔ ግን የማምነው ዓይኔን ነው፣ ሌላ ምን አለኝ? ስለዚህ መርማሪ ሆንኩ።

መጀመሪያ ራሷን ተጠርጣሪዋን ደረጃው ላይ አስቀምጬ መረመርኳት።

«እመቤት ለምን፣ ትምህርት ቤት ታብሌቱ ላይ ምን ስትሠሪ ነው የምትውዪው?»

«አነባለሁ። እደምራለሁ። እጠይቃለሁ።»

«ታዲያ እናትሽ ጋ ለምን ዜሮ ደረሰ?»

«ዜሮዋ የኔ አይደለችም። የኤሊዋ ናት።»

«የምን ኤሊ?»

«አንተ ደግሞ ለምን፣ የምን ታበዛለህ!» ብላ ተነሥታ ሄደች። በራሴ መሣሪያ ወጋችኝ። ቀጥሎ የሰማሁት ኮሪደሩ ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ነው። ይሄን አልነገርኩሽም መሰለኝ፤ ትተሽው የሄድሽውን ጥቁር የቆዳ ጫማ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ታጠልቀውና ከሳሎን እስከ ኩሽና ትመላለስበታለች። እኔ «ወይዘሮ ቀያሽ፣ መንገዱ ዛሬ የት ደረሰ?» እያልኩ አበሽቃታለሁ። ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ዕድሌ ቀናና የቤተሰብ ቀን መጣ። ያ ቤተሰብ ከልጁ ጎን ተቀምጦ አንድ ጠዋት የሚማርበት ቀን ነው፤ አምና አንቺ ሄደሽ የለ። ዘንድሮ እማዬ የሚዜዎች ልብስ ተደራርቦባት እኔ ተላክሁ። ከስምንተኛ ክፍል በክብር ከተሰናበትኩ ወዲህ ያንን በር ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ዘበኛው አሁንም ያው ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

«አንተን የሆነ ቦታ አውቅሃለሁ» አለኝ።

«ሚኒባስ ላይ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«አይደለም። አጥር ላይ ነው።»

እጅ ነሥቼ ገባሁ። በር እንዲህ ቀላል ነገር መሆኑን ባውቅ ኖሮ ያኔ ሱሪዬን ሁሉ ባልቀደድኩ።

ታብሌቶቹ የመጡት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለሆነ ልንገርሽ። ክፍሉ ጥግ ላይ ቁልፍ ያለው የብረት ቁም ሣጥን አለ፤ ታብሌቶቹ እዚያ ውስጥ ገመዳቸውን ጎርሰው ያድራሉ። ጠዋት መምህሯ ስትከፍተው ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፤ ጢም ያለ የሾርባ ሳህን የተሸከሙ ነው የሚመስሉት። አንድ ታብሌት ለሁለት ልጅ ነው። ማዳመጫውንም ለሁለት ይካፈሉታል፣ አንዱ በግራ ጆሮ፣ አንዱ በቀኝ ጆሮ፤ አንዱ ራሱን ካዘነበለ ሌላውም አብሮ ይዘነበላል። ከታብሌቱ ውስጥ አንዲት ድምፀ ቀጭን ሴትዮ «እንደምን አደራችሁ» ትላለች። ልጆቹ በሙሉ ጮክ ብለው «ደህና አደሩ፣ እትዬ!» ይመልሱላታል። አትሰማቸውም እኮ! አንዱን «አትሰማህም» ብለው «ሰላምታ መመለስ ግን አለብን» አለኝ። ምን ይባላል?

የገባሁት ለምርመራ ነው፤ ግን እውነቴን ነው የምልሽ፣ ትንሽ ቆይቼ የመጣሁበትን ረሳሁት። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ያልነበረ አለ! አንዷ ስታነብ ድምፅዋን ቀድታ መልሳ ታዳምጣለች፤ አፏን ከፍታ ሰማችና «እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?» ብላ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች፣ አሁን እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ። ሌሎቹ ግቢ ወጥተው የባንዲራውን ምሰሶ ጥላ ፎቶ ያነሣሉ፤ ጠዋት አንሥተውት ነበር፣ አሁን ደግሞ ያነሡና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው «ማን አሳጠረው?» ብለው ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ምላሱን ብቻ ነው ፎቶ የሚያነሣው። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው ደግሞ እያወቀ ስህተቱን ይጫናል። ለምን ስለው በጆሮዬ፣ «ትክክል ከሆንክ ጭብጨባ ብቻ ነው። ስህተት ከሆንክ ግን ዳክዬዋ ትጮሃለች» አለኝ። እታለም፣ ልጅ ብወልድ እንዲህ ያለ ነው የምፈልገው።

ዳክዬዋን እኔም አገኘኋት። «አንተም ሞክር፣ ጋሼ ረዳት» ብለው ታብሌት አስታቀፉኝ። ከሦስት አንድና ከአራት አንድ የቱ ይበልጣል ይላል። ይሄ ምን ጥያቄ ነው፣ አራት ከሦስት አይበልጥም? ተጫንኩት። ቋክ! ክፍሉ በሙሉ ተገልብጦ ሳቀ። ልጅሽ ብቻ አልሳቀችም፤ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ እጄን ይዛ፣

«አጎቴ፣ አንተ የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት ሰው ታስቀምጥ የለ?»

«ተይ፣ ትራፊክ ፖሊስ ይሰማሻል።»

«አራተኛው ሲመጣ ሰዎቹ ይሰፋቸዋል ወይስ ይጠብባቸዋል?»

አየሽ፣ ስንት ዓመት በየቀኑ ስሠራው የኖርኩት ነገር ነው! ሰው በክርኑ ጎኔን እየጎሸመ ሲነግረኝ ያልገባኝ ያኔ ገባኝ። ሌላ ጥያቄ አመጡልኝ፣ አገኘሁት። አጨበጨቡልኝ። ልደብቅሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ፤ ሌላ ጨምሩልኝ አልኩ። «አሁን የሷ ተራ ነው» ብለው ነጠቁኝ።

ልጅሽ ወንበሯ ላይ ብቻዋን ናት። ጎረቤቷ ያቺ ፍንጭቷ ጓደኛዋ ነበረች፤ የአባቷ ሥራ ስለተቀየረ ቤተሰቡ በሙሉ ሌላ ከተማ ሄዷል። ይሄን እናውቅ ነበር፤ ሰሞኑን ስታኮርፍ እማዬ ሦስት ቀን ሙሉ ከረሜላ ደጉማታለች። ያላወቅነው የሚከተለውን ነው።

እነዚህ ሕፃናት የይለፍ ቃል ስለሚረሱ ለእያንዳንዳቸው የእንስሳ ሥዕል ተሰጥቷቸዋል። ሥዕልሽን ትነኪና ትገቢያለሽ፤ አንድ ትምህርት በጨረስሽ ቁጥር እንስሳሽ አንድ ቅጠል ትበላለች። ከቀረሽ ደግሞ ይርባታል። የልጅሽ ታብሌት ላይ ሁለት እንስሳ አለ። አንደኛዋ ኤሊ ናት፤ ራሷን ወደ ድንጋይ ልብሷ አስገብታ ተኝታለች። ሁለተኛዋ ቀጭኔ ናት፤ ወፍራ፣ አብረቅርቃ፣ አንገቷ ከስክሪኑ አልፎ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ልጅሽ ምንም ሳታመነታ ቀጭኔዋን ነካች።

«ቆይ ቆይ» አልኳት። «ያንቺ የቷ ናት?»

«ኤሊዋ።»

«ይቺስ?»

«የፍንጭቷ።»

«እሷ እኮ ሄደች።»

«አዎ። እሷ ስትሄድ ማንም አላበላትም። አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ አለቀሰች፣ አጎቴ። እንባዋ ይታያል እኮ፣ ሰማያዊ ነው። ፍንጭቷ ስትመለስ ሞታ ብታገኛትስ?»

«የራስሽ ኤሊስ? እሷ አይርባትም?»

«ኤሊዋ ትችለዋለች።»

«ማን አለሽ?»

«እትዬን ጠየቅኳት።» ጣቷን አርጥባ የታብሌቱን መጠየቂያ ከፈተችና አሳየችኝ። «ኤሊ ሳትበላ ስንት ጊዜ ትቆያለች ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ወር ልትቆይ ትችላለች አለች። ቀጭኔስ አልኳት። ቀጭኔ አብዛኛውን ቀን ስትበላ ነው የምትውለው አለች። ታዲያ ማንን ላብላ?»

እታለም፣ እኔ ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ባይኖረኝም እፈጥራለሁ። ያን ጊዜ ግን ጎንበስ ብዬ ኤሊዋን ማየት ጀመርኩ።

መምህሯ ከኋላችን ቆማ ትሰማ ኖሯል። ያቺን የሕፃን ወንበር ጎትታ ቁጭ አለችና «ቀጭኔዋ አንቺ ነሽ?» አለቻት፣ በሹክሹክታ። ለካ ቀጭኔዋ ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች! መምህሯ ፍንጭቷ ሌላ ከተማ ሆና በአባቷ ስልክ የምትማር መስሏት ክፍሉን በሙሉ ለቀጭኔዋ አስጨብጭባለች። ማን በርትቶ አጨበጨበ ብትዪ ልጅሽ። ይባስ ብላ ለአባትየው «ልጅዎ ርቃም ጎበዝ ናት» የሚል መልእክት ልካለች። አባትየው ምን ቢመልሱ ጥሩ ነው? «እናመሰግናለን፣ እኛም እየተከታተልናት ነው።» መምህሯ ይሄን ስትነግረኝ ዴስኩ ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ። እሳቸውን ባገኛቸው ሚኒባሱ ላይ የፊት ወንበር በነጻ እሰጣቸው ነበር።

መምህሯ ግን አልሳቀችም፤ ባንቺ ጉዳይ ደንግጣለች። «ለእናቷ ዜሮ ሲሄድ የከረመው በዚህ ነዋ» አለች። ከዚያ መፍትሔው ቀላል መሆኑን ነገረችኝ፤ የኮምፒዩተሩ ባለሙያ ቢደወልለት የቀጭኔዋን ቅጠል በሙሉ ወደ ኤሊዋ ያዞረዋል፣ አንቺም በሚቀጥለው ሳምንት ትክክለኛው ይደርስሻል። እኔ ከወንበሬ ዘለልኩ። አለቀ በቃ! ዜሮ የለ፣ አክስት የለ፣ ላስቲክ ያለው ሶፋ የለ!

ልጅሽ ታብሌቱን በሁለት ክንዷ ሸፈነችው።

«አይሆንም። ከተወሰደባት ባዶዋን ትቀራለች።»

«የኔ እመቤት፣ ቅጠሉ ያንቺ ነው እኮ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው።»

«ሰጥቻታለሁ። ፍንጭቷ ስትመጣ ባዶዋን ታገኛታለች።»

«ምናልባት አትመለስ ይሆናል» አልኳት። አፌን አያድርገውና እንደዚያ አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «የሄደ ሰው አይመለስም?»

እታለም፣ ስለ ፍንጭቷ ብቻ እየጠየቀችኝ መሰለሽ? አንድ ቀልድ ፈለግሁ፣ አንድ፣ የትኛውንም። የለም። መምህሯም ወደ ሰሌዳው ዞራ የሌለ ነገር ማጥፋት ጀመረች።

ያን ቀን ከሰዓት ቤት ስንደርስ ቦርሳዋን ጣለችና ጫማሽን አጠለቀች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በዚህ ጊዜ አላበሸቅኳትም። «ለምንድን ነው በየቀኑ የምታደርጊው?» አልኳት፣ የምሬን። «እግር እንዳይረሱ ነው» አለችኝ። «ዝም ብለው ከተቀመጡ ይደርቃሉ። እማ መጥታ ስታደርጋቸው ካቆሰሏት ተመልሳ ትሄዳለች።» እማዬ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

የሄድሽ ለት መኪናው ላይ ሆነሽ ለእማዬ ያልሻት ትዝ ይልሻል? «ልጅቷ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች» ነበር ያልሽው። ልጅቷ እኮ እጄን ይዛ እዚያው ቆማ ነበር። ልወቅስሽ አይደለም። እሷም አልወቀሰችሽም። የሰማችውን ይዛ ኤሊዋ ላይ ሠራችበት፣ ያውም እትዬን ጠይቃ፣ አረጋግጣ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄን እንኳ ከራስሽ ነው የወሰድኩት። ባለፈው ለዕረፍት ስትመጪ ኩሽና ቁጭ ብለን ስለዚያ ስለ ሥራ ባልደረባሽ አጫወትሽኝ። መለኪያውን ሌላ የምልክት ችንካር ላይ ተክሎ ሲለካ ውሎ፣ ቁጥሩ በሙሉ ትክክል ሆኖ፣ መንገዱ ግን የሰው ድንች ማሳ ውስጥ ገባ አልሽኝ። እንባሽ እስኪወርድ ነው የሳቅሽው። እንግዲህ ዜሮሽ እሱ ነው። ታብሌቱ አልዋሸም፤ የለካው ሌላ ችንካር ላይ ሆኖ ነው። ልጅሽን በዚህ ቁጥር ተመርተሽ አክስታችን ቤት ካስገባሻት ድንች ማሳ ውስጥ ነው የምትገቢው፣ እታለም።

የኮምፒዩተሩ ባለሙያ ስልክ ቁጥር አሁን ኪሴ ውስጥ ነው። አንድ ደውዬ፣ ድምፄን እንደ መምህሯ አቅጥኜ፣ ቅጠሉን ሁሉ ላዞረው እችላለሁ። ከዚህ የባሰ ሠርቼ አውቃለሁ። አንቺም ደስ ይልሽ ነበር፣ እኔም ሳልለምንሽ እገላገል ነበር። ግን ልጅቷ በማግሥቱ ታብሌቱን ስትከፍት ቀጭኔዋን መሬት ላይ ተዘርግታ ታገኛታለች፤ ያንን ቀልድ ማን ይስቅበታል? ስለዚህ አልደወልኩም። መምህሯም ልጅቷ ራሷ እሺ እስክትል እንደማትነካው ቃል ሰጥታኛለች፤ ለመመስከርም «እናቷ ትደውልልኝ» ብላለች።

የምለምንሽ ይህንን ነው። አትውሰጃት። ደግሞም በስልክ ላይ ብቻ አትለኪያት። ነይ ብዬ የማዝሽ ታናሽሽ ነኝና አትቆጪ፤ ግን ነይ። ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አትጠብቂ፤ ሦስት ቀን ብቻም ቢሆን ፈቃድ ጠይቀሽ ነይ። ከሹፌሩ ጀርባ ከልጅሽ ጎን አስቀምጥሻለሁ፣ ሽማግሌውም ቦታቸውን ይለቁልሻል። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። የጥርስ ሕክምናውን፣ የሞተር ማደሻውን፣ ያን የተከለከለ ግድግዳ ሳይቀር ታነብልሻለች። ከዚያ በኋላ ልትወስጃት ካሰብሽ ሻንጣዋን እኔ ራሴ ጣሪያው ላይ እጭናለሁ፤ አንድም ቀልድ አልናገርም። ይሄ ለኔ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ለራሴም ትንሽ ነገር አለችኝ፣ ሳትስቂ ስሚኝ። መምህሯ ቅዳሜ ከሰዓት ለቤተሰብም ታብሌቶቹ እንደሚከፈቱ ነግራኛለች፤ ማንበብና ሂሳብ የጀመሩ እናቶች ሁሉ አሉ አለች። እንስሳ ምረጥ አለችኝ። ዳክዬ አልኩ። ዳክዬ ለስህተት ብቻ ናት አለችኝ። እንግዲያው አህያ ብዬ ተመዘገብኩ። ልጅሽ ምን አለች መሰለሽ? «እንዳታስርባት፣ እኔ ሦስት ማብላት አልችልም።»

ሦስት ያለችው ለምን እንደሆነ ደግሞ ራሷ ከታች ትጽፍልሻለች፤ እስክሪብቶውን ካልሰጠኸኝ ብላ ክርኔን እየጎተተችው ነው። ጽሑፌ እዚህ ጋ የተንሸዋረረው በሷ ምክንያት ነው።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ከሲሚንቶው አቧራ አፍሽን ሸፍኚ ብላሻለች። በሩን ለመክፈት የምሮጠው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን መያዣው ላይ ማርም ሆነ ሙጫ እንደማልቀባ ቃሌ ነው።

ወንድምሽ፣
እማዬ «ጉዴ» የምትለው፣ የአህያዋ ባለቤት

እማ
ዛሬ ቀጭኔዋን በጠዋት አበላኋት። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ቲቸር ፈቀደችልኝና ኤሊዋን አበላኋት። ጭንቅላቷን አወጣች። ዓይኗ ቡናማ ነው፣ አላውቅም ነበር። አጎቴ ሂሳብ እየቻለ ነው ግን እንዳትነግሪው። ጫማሽ እስከ አሁን ለስላሳ ነው።